የቤዝቦል ካርድና በፖስታ የሚመጣ ፊርማ

የአሜሪካ የቤዝቦል ካርድ በስፋት የተሰራጨው በሲጋራ ንግድ ነው። በ1880ዎቹ የትንባሆ ኩባንያዎች ፓኬቱ እንዳይጨማደድ የሚያስገቡትን ደረቅ ወረቀት በተጫዋቾች ምስል ያስጌጡት ጀመር፤ አጫሹም ስብስቡን ለማሟላት ሲል ያንኑ ሲጋራ ደጋግሞ ገዛ። ከ1909 እስከ 1911 ከወጣው፣ ሰብሳቢዎች «ቲ206» ከሚሉት ስብስብ ውስጥ የተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ ብዙም ሳይታተም ቀረ። ትንባሆን በመቃወሙ ነው የሚሉ አሉ፤ ክፍያ ስላላገኘ ነው የሚሉም አሉ። ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

በኋላ ካርዱ ከሲጋራ ወደ ማስቲካ፣ ከአዋቂ ወደ ልጅ ዞረ። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1952 ካሳተመው ስብስብ ሳይሸጥ መጋዘን ያጣበበውን ከዓመታት በኋላ ባሕር ውስጥ አስጣለው። የዚያው ስብስብ አካል የሆነ አንድ የተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ በ2022 12.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ዋጋውን ካናሩት ምክንያቶች አንዱ ሌላው መጣሉ ነው። የድሮ ካርድ ዋጋ ሲያድግ ያየ ሁሉ ቀድሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ ካርድ በካርቶን እየገዛ ማከማቸት ያዘ፤ ኩባንያዎችም ያለ ልክ አተሙ። ማንም የሚጥል ስላልነበረ የዚያ ዘመን ካርድ አብዛኛው ዛሬም ርካሽ ነው።

ርካሹን ካርድ የተለየ የሚያደርገው አንዱ መንገድ ፊርማ ነው። ሰብሳቢው አጭር ደብዳቤ ይጽፋል፤ ካርዱንና የራሱ አድራሻ የተጻፈበት፣ ቴምብር የተለጠፈበት የመልስ ፖስታ ጨምሮ ለተጫዋቹ በቡድኑ ስታዲየም አድራሻ ይልካል። ብዙዎች የሚመርጡት ቡድኖች ፍሎሪዳና አሪዞና ገብተው ለውድድር ዓመቱ የሚዘጋጁበትን የየካቲትና የመጋቢት ወቅት ነው። መልሱ በሳምንት ወይም በዓመታት ሊመጣ ይችላል፤ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰብሳቢ ቢጠፋ የሚቆጨውን ካርድ አይልክም።

መልስ መጣ ማለት ግን ፊርማው የተጫዋቹ ነው ማለት አይደለም። ለታዋቂዎቹ ጸሐፊ፣ የመልበሻ ክፍል ሠራተኛ ወይም ማሽን የፈረመበት ጊዜ አለ። በገበያው የተስፋፋው ሐሰተኛ ፊርማም በ1990ዎቹ የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮን ወደ ሰፊ ዘመቻ አስገብቷል። አፐር ዴክ የተባለው የካርድ ኩባንያ በ1990 የቀድሞው ተጫዋች ሬጂ ጃክሰን የፈረመባቸውን 2,500 ካርዶች በየፓኬቱ በትኖ ለፊርማ ፈላጊው ሌላ በር ከፈተ፤ ዛሬ በፋብሪካ የተረጋገጠ ፊርማ የካርድ ንግዱ ዋና ማባበያ ሆኗል።

ያም ሆኖ የፖስታው መንገድ አልተዘጋም፤ የሚንቀሳቀሰው ከገበያው በተቃራኒ ሕግ ነውና። «ለእገሌ» ተብሎ የተፈረመ ካርድ ለመሸጥ ስለሚያስቸግር ዋጋው ዝቅ ይላል። አንዳንድ ተጫዋቾች የጠያቂውን ስም የሚጨምሩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፊርማቸው በማግስቱ ገበያ እንዳይወጣ። በደብዳቤው «ስሜን ጻፉልኝ» ብሎ የሚለምን ሰብሳቢ እንግዲህ ከካርዱ ዋጋ ላይ በፈቃዱ ይቀንሳል፤ በምትኩ ነጋዴ አለመሆኑን ለተጫዋቹ ያሳያል።