እውነት ወይስ ተረት? «የካላዛር ሕክምና ነፃ ነው»

መተማና ገንዳ ውኃ አካባቢ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ሲነሳ «መድኃኒቱ እንደሆነ በነፃ ነው፤ ምን ወጪ አለው?» የሚል አይጠፋም።

መድኃኒቱ በነፃ መሰጠቱ እውነት ነው። ወጪ የለውም ማለት ግን ተረት ነው። ለአብዛኛው ታማሚ የሚታዘዙት ሁለት ዓይነት መርፌዎች በየቀኑ ለ17 ቀን ይወጋሉ፤ ኤችአይቪ ላለበት የሚሰጠው ሕክምና 28 ቀን ይፈጃል። ያን ሁሉ ቀን አስታማሚ አብሮ ይከርማል፦ ምግብ ያመጣል፣ ልብስ ያጥባል፣ ደግፎ ሽንት ቤት ያደርሳል፣ ማታ አልጋው ሥር ያድራል። ስለዚህ 17 ቀን የተባለው ለአንድ ቤት 34 የሥራ ቀን ነው። ካላዛር መሆኑ ከመታወቁ በፊት «ወባ ይሆናል» እየተባለ የባከነው ጊዜ ገና አልተቆጠረም።

ከገላባት ማዶ፣ በሱዳን ገዳሪፍ፣ ይህ ሒሳብ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት አንድን ታማሚ ማሳከም በድምሩ 450 ዶላር ገደማ እንደሚፈጅ ገምቷል። መድኃኒቱ በነፃ እየተሰጠም 53 በመቶውን የተሸከመው ቤተሰቡ ነው። አንድ ጊዜ መታከም የቤተሰቡን የዓመት ገቢ 40 በመቶ ያህል ይወስዳል። ከመቶ ከ75 የሚበልጡት ቤተሰቦች ከኪሳቸው ያወጡት ከአቅማቸው በላይ ነበር።

«አስታማሚ ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው» የሚል ደግሞ የአካባቢውን ሰብል፣ ሰሊጥን፣ አያውቅም። የደረሰ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ካልታጨደ ራሱ ተከፍቶ ዘሩን መሬት ላይ ያፈሳል። አስታማሚዋ ሚስት ወይም እህት ከሆነች፣ ደመወዝ ስለሌላት ብቻ ኪሳራዋ ከቁጥር አይገባም፤ ውኃው፣ ጋገራውና ልጆቹ ግን በሌላ ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃሉ።

«ከደጋ ለሥራ የመጣው ቀን ሠራተኛስ? ዘመድ የለው!» ይባላል። የሥራ ጓደኛው ያስታምመዋል፤ የእሱም የቀን ሒሳብ ይቀራል። ደግሞም በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚታየው በአሸዋ ዝንብ ከተነከሱ ከ2 እስከ 6 ወር በኋላ ስለሆነ፣ ደጋ አገሩ ገብቶ የሚታመም አለ። ያኔ ዕዳው ሰሊጥ አይቶ ለማያውቅ ወንድም ይተርፋል።

የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድም ቢኖር የሚሸፍነው ሕክምናውን እንጂ አስታማሚው ያጣውን የቀን ገቢ አይደለም።

የእርሻ ባለቤቶች፣ ሠራተኛችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ ካተኮሰውና እየከሳ ከሄደ፣ በወባ ኪኒን ብቻ አታቆዩት፤ የካላዛር ምርመራ ወዳለበት ላኩት። አብሮት ለሚሄደው ጓደኛውም የቀን ሒሳቡን አትቁረጡበት።