የአሮጌ ፒክአፕን የሞተር ኮምፒውተር መለወጥ

የሞተር ኮምፒውተር በአንድ እጅ የሚያዝ ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን ነው። የሞተሩን ዙር፣ የውኃውን ሙቀት፣ የአየሩን ግፊትና የነዳጅ መርገጫውን አቀማመጥ ከሴንሰሮች እየተቀበለ፣ እያንዳንዱ ኢንጀክተር መቼና ምን ያህል ናፍጣ እንደሚረጭ ያዛል። መንዝ ውስጥ ወዳለችው ዘመሮ የሚወጡ ፒክአፖች ሁሉ ግን ይህ ሳጥን የላቸውም። 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር የተገጠመላቸው የቀድሞዎቹ ቶዮታ ሃይሉክሶች ናፍጣ የሚለኩት በሜካኒካል ፓምፕ ነው፤ መካኒኩ በመፍቻና በጆሮው ያስተካክላቸዋል። ጉዳዩ የሚለወጠው በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ብቅ ካለው፣ በተለምዶ ቪጎ ከሚባለው ሃይሉክስ ጀምሮ ነው። 2ኬዲና 1ኬዲ የሚባሉት ሞተሮቹ ያለ ኮምፒውተር አይነሡም። ዛሬ እነዚህም አሮጌ ሆነዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ስላስወደደው፣ ባለቤቶቻቸው እየጠገኑ መንዳቱን ይመርጣሉ።

ለደጋ ሰው ኮምፒውተሩ የተለየ ጥቅም አለው። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ሜካኒካል ፓምፕ ይህን ስለማያውቅ ያንኑ ናፍጣ ይሰጣል፤ መኪናውም የጣርማ በርን ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ኮምፒውተር ያለው ሞተር ግን የአየሩን መሳሳት አንብቦ ናፍጣውን ይቀንሳል። ስለዚህ ዳገት ላይ ብቻ የሚታይ ጭስና የጉልበት ማነስ የግፊት ሴንሰር ወይም የአየር ቱቦ ችግር ሊሆን ይችላል። ሳጥኑ ሳይነካ መጀመሪያ እነሱ ይታያሉ።

«ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ ችኩል ነው፤ ችኩልነቱም ብዙ ያስከፍላል። ቁልፍ ሲከፈት ዳሽቦርድ ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት ጨርሶ ካልበራ፣ ሳጥኑ ከመሞቱ ይልቅ ኤሌክትሪክ አለማግኘቱ የበለጠ ያስጠረጥራል። ፊውዙ፣ ዋናው ሪሌና ከሞተሩና ከቦዲው ጋር የታሰረው የማሳ ሽቦ በቅድሚያ ይፈተሻሉ። የዛገ የማሳ ሽቦ ብቻውን ሞተሩን እንዳይነሣ ሊያደርገው ይችላል። የሞላ ባትሪ በዕረፍት ላይ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። በመንዝ ውርጭ ያደረ ደካማ ባትሪ ግን ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ በጣም ስለሚወርድ ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል፤ ሰውም ሳጥኑን ይወነጅላል።

ሌላው አሳሳች ምልክት የ5 ቮልት መስመር ነው። ኮምፒውተሩ ለበርካታ ሴንሰሮች 5 ቮልት ያከፋፍላል። ከእነርሱ አንዱ በውስጡ ከተበላሸ፣ ወይም ሽቦው ተልጦ ወይም አይጥ በልቶት ቦዲ ከነካ፣ መስመሩ በሙሉ ይወድቅና የደኅናው ኮምፒውተር ምልክት ከሞተው አይለይም። ሴንሰሮቹ አንድ በአንድ ከሶኬታቸው ሲነቀሉ 5 ቮልቱ ከተመለሰ ጥፋተኛው መጨረሻ የተነቀለው ነው፤ ካልተመለሰ ሽቦው ይፈተሻል። በቪጎ ላይ ደግሞ ኢንጀክተሮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ከፍተኛ ቮልት የሚሰጥ ሌላ ሳጥን አለ። ኤዲዩ ይባላል፤ ሲበላሽ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም። ቁልፍ ተከፍቶ ሳለ የኤዲዩን ሽቦ በባዶ እጅ መንካት አደገኛ ነው።

በእርግጥ የተቃጠለ ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ያቃጠለው ሰው አለ። ባትሪው ለሞተ ፒክአፕ በአቅራቢያው ከተገኘ የጭነት መኪና ኤሌክትሪክ ይለመንለታል። ብዙ የጭነት መኪና 24 ቮልት ነው፣ ፒክአፑ 12። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ማገላበጥም ያው ነው። ፖርቶ መጋላ ወይም የተሰበረ ሻሲ ሲበየድ የባትሪውን ገመድ አለመንቀልም ሳጥኑን ይጎዳል። ሳጥኑ ብዙውን ጊዜ ጋቢና ውስጥ፣ ከዕቃ መያዣው ጀርባ ስለሆነ፣ በፊት መስታወቱ ጎማ የሚሰርግ ውኃ ሊደርስበት ይችላል። ክዳኑ ሲከፈት አረንጓዴ ዝገት ከታየ ምክንያቱ ውኃ ነው።

ምትኩ ሲፈለግ የመኪናው ስምና ዓመት አይበቃም። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር፣ በቶዮታ በ89661 የሚጀምረው፣ እስከ መጨረሻው አንድ መሆን አለበት። ያው ሞተር በማንዋልና በኦቶማቲክ ካምቢዮ ሌላ ሌላ ኮምፒውተር ሊኖረው ይችላል፤ ሶኬቱ መግጠሙ ማስረጃ አይደለም። አዲሱ ከቶዮታ አስመጪው ከሞኤንኮ ይታዘዛል። ያገለገለው መርካቶ ሱማሌ ተራ ይፈለጋል፣ ዋጋውም በድርድር ነው። እውነተኛ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ከተገኘ የራሱን ሳጥን ማስጠገን ከሁለቱም ይሻላል፤ የመኪናው መረጃ በውስጡ እንዳለ ይቆያልና።

ሳጥኑን መንቀልና መትከል ቀላል ነው፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፣ ብሎኖቹ ይፈታሉ፣ ሶኬቶቹ ይላቀቃሉ። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ነው። ኢሞቢላይዘር የተባለው የስርቆት መከላከያ ያለው መኪና ቁልፉን የሚያውቀው በኮምፒውተሩ በኩል ከሆነ፣ የሌላ መኪና ሳጥን ሲገባ ሞተሩ ወይ አይነሣም ወይ ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ከዘመሮ ሳጥኑን ብቻ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ መላክ ከንቱ ድካም ሊሆን ይችላል። ቁልፉና የኢሞቢላይዘሩ ክፍል አብረውት መሄድ አለባቸው። ኢንጀክተሮቹ ላይ የተጻፈ ረጅም ኮድ ካለም ፎቶ ተነሥቶ ይላካል። ይህ ኮድ የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ትንሽ ልዩነት ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ሳይገባ ከቀረ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ያጨሳል። ኮዱን ለማስገባት ግን የዲያግኖስቲክ መሣሪያ ከመኪናው ጋር መገናኘት ስላለበት፣ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ወደ መኪናው ይመጣል ወይም መኪናው ተጭኖ ይሄዳል። ለዚህ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ደብረ ብርሃን ለዘመሮ ትቀርባለች።

ከተተከለ በኋላ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ይለካል። ከዚህ በጣም ከበለጠ ዲናሞው አዲሱንም ሳጥን ያቃጥላል። የቆዩ የስህተት ኮዶች ይሰረዛሉ፣ መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት ይወጣል፣ ኮዶቹም እንደገና ይነበባሉ። የተነቀለው አሮጌ ሳጥን ይህ ሁሉ እስኪያልቅ አይጣልም፣ አይሸጥምም፤ የቁልፉ መረጃ የሚቀዳው ከእርሱ ሊሆን ይችላል።