የድሬዳዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በምን ይመዘኑ?

ድሬዳዋ በ1895 ዓመተ ምሕረት ከጂቡቲ በደረሰው የምድር ባቡር ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ፥ በከዚራና በመጋላ የሚኖሩ ወላጆች፥ ከመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማናቸው ይበልጣል ብለው ቢጠይቁ የሚገባ ነው። በ2015 ዓመተ ምሕረት በመላው ኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.2 ብቻ መሆናቸው ጥያቄውን አጽንቶታል።

ነገር ግን ያለፉትን ብቻ ቆጥሮ አንዱን ማመስገን፥ ሌላውን መንቀፍ ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። የድሬዳዋ ልጆች የመጀመሪያውን ትምህርት በአማርኛ፥ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ተምረው፥ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ተማሪ መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤትና የመጣውን ሁሉ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሸክማቸው እኩል አይደለም።

ስለዚህ የትምህርት ሹማምንት 9ኛ ክፍል የገቡት ስንት እንደ ነበሩ፥ በምን ያህል ዕውቀት እንደ ገቡ፥ ከእነርሱም 12ኛ ክፍል የደረሱት ስንት እንደ ሆኑ አስቀድመው ይመርምሩ። በወንጌል አምስት መክሊት የተቀበለውና ሁለት የተቀበለው አገልጋዮች ትርፋቸው ልዩ ልዩ ሲሆን፥ ጌታቸው ያመሰገናቸው በእኩል ቃል ነው፤ የተወቀሰው የተሰጠውን የቀበረው ብቻ ነው። ትምህርት ቤትም በተቀበለው ላይ ባተረፈው ይመዘን።