በረመዳን ሌሊት የሚያነበው ማን ነው?

 

በረመዳን ወር የቤት ሰዓት ይለወጣል። ሌላ ጊዜ በእንቅልፍ የሚያልፈው ሌሊት 10 ሰዓት የሱሑር፣ የዱዓና የቁርኣን ሰዓት ይሆናል። ከተራዊሕ መልስ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያመሻል። ስልካችንም ይህን ለውጥ ይከተላል፤ የማፍጠሪያ ሰዓት እናይበታለን፣ ስለ ጾም ሕግጋት እንጠይቅበታለን፣ ዜና እናነብበታለን። የዜና ድረ ገጾች ይህን ለውጥ በቁጥር ያዩታል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው ጋዜጠኞች ከዚያ ቁጥር ምን እንደሚማሩና በምን ሊሳሳቱ እንደሚችሉ ነው። ጉዳዩ የባለሙያ ብቻ አይደለም። ቁጥሩ የሚወጣው ከእናንተ ስልክ ነው፤ ነገ የምታነቡት ጽሑፍ ሲመረጥም ድርሻ አለው።

የሚቆጠረው ስልኩ ነው

እንደ መብራትና እንደ ውሃ ሁሉ ለድረ ገጽም ቆጣሪ አለው። ጉግል አናሊቲክስ በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ነው። በእያንዳንዱ ገጽ ውስጥ አጭር ኮድ ይገባል። ገጹ ሲከፈት ኮዱ ለቆጣሪው መልእክት ይልካል፤ የትኛው ጽሑፍ እንደተከፈተ፣ በስንት ሰዓት፣ በስልክ ይሁን በኮምፒውተር፣ ከየትኛው አገር እንደሆነ። ኩኪ የሚባል ትንሽ ምልክትም በስልኩ ላይ ይተዋል። ያው ስልክ በሌላ ቀን ሲመለስ በዚህ ምልክት ይለየዋል።

እንግዲህ ቆጣሪው የሚያውቀው ስልኩን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ለምሳሌ ደሴ ባለ አንድ ቤት ልጅቱ ስለ ዘካተል ፊጥር የተጻፈ ጽሑፍ ከፍታ ለእናቷና ለአያቷ ጮክ ብላ ታነባለች እንበል። ጽሑፉ ለሦስት ሰው ደርሷል፤ የተቆጠረው ግን አንድ ነው። አባት ያንኑ ጽሑፍ ቀን በቢሮ ኮምፒውተር፣ ማታ በስልኩ ቢከፍተው ደግሞ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። ጽሑፉ ተቀድቶ በቴሌግራም ከተላከ ጭራሽ አይቆጠርም። ሊንኩ ቢላክ እንኳ ብዙ ጊዜ «በቀጥታ የመጣ» ከመባል አልፎ ከየት እንደተነሣ አይታወቅም። የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ የሚዞረው ንባብ ለጋዜጠኛው በአብዛኛው ስውር ነው።

አዛን ሲሰማ ስልኩ ይቀመጣል

ቆጣሪው የጾመኛን ውሎም አያውቅም። በጉግል አናሊቲክስ፣ አሠራሩ ካልተቀየረ በቀር፣ 30 ደቂቃ ያለ እንቅስቃሴ ካለፈ ጉብኝቱ እንዳበቃ ይቆጠራል። ከመግሪብ በፊት ማንበብ የጀመረ ሰው አዛን ሲሰማ ስልኩን ያስቀምጣል። በተምር ያፈጥራል፣ ይሰግዳል፣ ሾርባና ሳምቡሳውን ከቤተሰቡ ጋር ይበላል። ተመልሶ ጽሑፉን ሲጨርስ ሁለት ጉብኝት ይሆናል። ይህን ያላገናዘበ አዘጋጅ «ጽሑፉ ረዝሞባቸው አቋርጠውት ሄዱ» ሊል ይችላል። አንባቢው ግን አላቋረጠም፤ ሰላት ደርሶበት ነው።

ሌላም አለ። አንድ ሰው 10 ሰከንድ ሳይሞላው፣ ሌላ ገጽም ሳይከፍት ከወጣ ጉብኝቱ ፍሬ እንዳላፈራ ተደርጎ ይመዘገባል። እናት የዕለቱን የማፍጠሪያ ሰዓት ለማየት ገብታ በ5 ሰከንድ ብትወጣ ግን የመጣችበትን አግኝታለች። ያንን ሰዓት ከረጅም መግቢያ ሥር ደብቆ አንድ ደቂቃ ማቆየት ቁጥሩን ያሳምረዋል። እሷ ግን ምድጃ ላይ የጣደችው አለ። ቁጥርን ለማሳመር የሰው ጊዜ መውሰድ ለጋዜጠኛ የማይገባው ይህ ነው።

በተቃራኒው ብዙ መከፈት ብዙ መነበብ አይደለም። ቻርትቢት የተባለው የአንባቢ ቆጣሪ ኩባንያ ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ቶኒ ሄይል እ.ኤ.አ. በ2014 በታይም መጽሔት እንደጻፉት፣ ኩባንያቸው ከተመለከታቸው ጎብኚዎች 55 በመቶ ያህሉ በገጹ ላይ በንቃት የቆዩት ከ15 ሰከንድ በታች ነበር። አጓጊ ርዕስ እጅን ይስባል፤ ንባቡን የሚያስጨርሰው ውስጡ ያለው ቁም ነገር ነው።

ሌሊቱ ለሁለት ሲከፈል

ቆጣሪው ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። የእኛ የረመዳን ሌሊት ግን ከመግሪብ ይጀምራል። አንድ ሰው ከተራዊሕ በኋላ፣ ከዚያም ለሱሑር ተነሥቶ ቢያነብ በእኛ ዘንድ ያው አንድ ሌሊት ነው፤ በቆጣሪው ግን ሁለት ቀን። ስለ ለይለቱል ቀድር የወጣ ጽሑፍ እንዴት እንደተነበበ ማወቅ የሚሻ ጋዜጠኛ የቀኑን ድምር ትቶ በየሰዓቱ ያለውን ማየት ይኖርበታል።

ከውጭ አገር የሚያነቡ ወገኖችም አሉ። በመጋቢት ወር አዲስ አበባ ላይ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ዋሽንግተን ላይ ገና ምሽት 3 ሰዓት ተኩል ነው። ያን ጊዜ የሚታየው የአንባቢ ብዛት ለሱሑር የተነሣውንና ከማዶ ገና ያልተኛውን ደባልቆ የያዘ ሊሆን ይችላል። አገር የሚለው መረጃም ሁልጊዜ አይታመንም። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ተገድቦ በነበረባቸው ወራት ብዙዎች ቪፒኤን ይጠቀሙ ነበር። በቪፒኤን የሚገባ አንባቢ ጅማ ተቀምጦ አውሮፓ ያለ ይመስላል።

ከዓመት ዓመት ማወዳደርም ጥንቃቄ ይሻል። የ2016ቱ ረመዳን መጋቢት 2፣ የ2017ቱ ደግሞ የካቲት 22 ገባ። መጋቢት 1ን ከመጋቢት 1 ጋር ያወዳደረ ሰው የጾሙን ዋዜማ ከአሥረኛው የጾም ቀን ጋር አወዳደረ ማለት ነው። ትክክለኛው የጾሙን አንደኛ ቀን ከአንደኛ ቀን ጋር ማስተያየት ነው።

ታዲያ ቁጥሩ ምን ይጠቅማል?

በአግባቡ ከተያዘ ብዙ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ሰዓት ያስተምራል። አንባቢ ከመግሪብ በፊት አጭርና ፈጣን መረጃ፣ ከተራዊሕ በኋላ ረጋ ያለ ንባብ የሚፈልግ ከሆነ በየሰዓቱ ያለው ቁጥር ያመለክታል። ሁለተኛ፣ ጥያቄ ያሰማል። ጉግል ሰርች ኮንሶል የተባለው መሣሪያ ሰዎች ምን ቃል ፈልገው ወደ ገጹ እንደደረሱ ያሳያል፤ ማን እንደፈለገ ግን አይናገርም። አንዱ «ረመዳን»፣ ሌላው «ረመዷን» ብሎ ይጽፋል። ነፍሰ ጡር እናት ስለ ጾም፣ የስኳር ሕመምተኛ ስለ መድኃኒት ሰዓት ይጠይቃል። ጥያቄው ሲደጋገም ጋዜጠኛው ዓሊምንና ሐኪምን አነጋግሮ መልስ ይዞ መምጣት ይጠበቅበታል።

ቁጥር የማይወስነው ነገር ግን አለ። የወሩ 29ኛ ምሽት ሁሉም ስለ ጨረቃ ይፈልጋል፤ ቀድሞ «ዒድ ነገ ነው» ያለ ብዙ አንባቢ ያገኛል። መጅሊሱ ሳያሳውቅ የሚወጣ እንዲህ ያለ ወሬ የቤተሰብን ጾም የሚነካ ነው። ስለ የቲሞችና ስለ ዘካ የሚጻፈው ደግሞ ጥቂት ሰው ቢከፍተውም አንድ ባለጸጋ ካነበበው ለብዙ ቤት ሊተርፍ ይችላል። ይህን የሚመዝን ቆጣሪ የለም።

በመጨረሻም ይህ መረጃ አማና ነው። ሰው በሌሊት ብቻውን ስለ ሕመሙ ወይም ስለ ትዳሩ ያነባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን መሰል መረጃ የሚይዙ ሁሉ እንዲጠነቀቁ ያዛል። ጋዜጠኛ የሚበቃው ብዙዎች ምን እንደጠየቁ ማወቅ ነው፤ እከሌ ምን እንዳነበበ መከታተል ሥራው አይደለም።

እናንተም ቁጥር የማይነግረንን ንገሩን። ጽሑፍ ሲጠቅማችሁ፣ ሲጎድልባችሁም ደውሉ፣ ጻፉ። ከአንድ ሺህ ክሊክ ይልቅ «ይህቺ አልገባችንም» የምትል አንዲት መልእክት የበለጠ ታስተምረናለች።