ቀላል መኪና ስንት የፈረስ ጉልበት ይበቃታል?

መኪና በገዛ እጁ ለመገጣጠም የሚነሳ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሞተሩን ጉልበት ነው። አብዛኛውም «የበዛው ይሻላል» ብሎ ገንዘቡን ያፈሳል። ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ኤርባግ በሌላት ቀላል መኪና ላይ ትርፍ ጉልበት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የምትሆነን እንግሊዛዊው መሐንዲስ ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ ያቀረባት ሎተስ ሰቨን ናት። በዚያ ዘመን በብሪታንያ ሙሉ መኪና የገዛ ሰው የግዢ ግብር ይከፍል ነበር፤ ዕቃውን ወስዶ ራሱ የገጣጠመ ግን ከግብሩ ይድናል። የመጀመሪያዎቹ ሰቨኖች የተገጠመላቸው የፎርድ ሞተር ጉልበት 40 ገደማ ብቻ ነበር። ይሁንና በውድድር ሜዳ አላሳፈሩም፤ ምስጢሩ የክብደታቸው ማነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የማምረት መብቱን የተረከበው ካተርሃምም ይህንኑ መንገድ ይዞ ቀጥሏል።

እስቲ ቁጥሩን እንመልከት። ካተርሃም እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣት ሰቨን 170 ሞተሯ 660 ሲሲ ሱዙኪ፣ ጉልበቷ 84፣ ክብደቷ 440 ኪሎ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሾፌር ሲቀመጥባት በቶን 160 ያህል የፈረስ ጉልበት ይደርሳታል። 1,300 ኪሎ የምትመዝን ባለ 120 ጉልበት የቤት መኪና ያንኑ ሾፌር ብትይዝ የሚደርሳት 87 ብቻ ነው። ትንሿ ሰቨን ከቆመችበት ተነስታ በ6.9 ሰከንድ 60 ማይል ብትደርስ እንግዲህ ምን ይገርማል?

ጉልበቱ ቢጨመርስ? ይኸው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 ያቀረባት 620አር 310 የፈረስ ጉልበት ነበራት። የፍጥነት ጣሪያዋ በሰዓት 155 ማይል ሲሆን የ170ዋ 105 ነው። ጉልበቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲያድግ ፍጥነቱ በግማሽ እንኳ አልጨመረም። ቀሪውን የበላው ነፋስ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ነፋሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ጣሪያ የሌላትና ጎማዎቿ ወደ ውጭ የወጡ መኪና ደግሞ ከነፋስ ጋር ያላት ትግል ይብሳል።

ከዚህም ሌላ ትልቅ ሞተር ብቻውን አይመጣም። ጠንካራ ካምቢዮ፣ ትልቅ ፍሬን፣ ሰፊ ጎማና ትልቅ ራዲያተር ይጠይቃል። ሁሉም ክብደት ይጨምራል፤ ቀላልነት የሰጠውንም መልሶ ይወስዳል። ቀላል መኪና ጎማዋን መሬት ላይ የምትጫነው በትንሹ ስለሆነ፣ በዝናብ ቀን ትርፉ ጉልበት ጎማውን ከማሽከርከር አያልፍም።

የዚህ ጸሐፊ ፍርድ ይህ ነው፦ ከ550 ኪሎ ለማትበልጥ የመንገድ መኪና ከ80 እስከ 120 የፈረስ ጉልበት ይበቃል። ወደ ውድድር ሜዳ ለሚወጣ 150 ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ይሁን። ከዚያ በላይ ያለው ልምድ ላለው ነጂ ይተው። ሞተር ከመግዛትዎ በፊት መኪናዋን ከእርስዎ ጋር ያስመዝኑ። ከ170ዋ ላይ 50 ኪሎ ቢቀነስ ዘጠኝ የፈረስ ጉልበት የመጨመር ያህል ነው። ሞተር ግን ፍሬን ሲያዝ አያግዝም፤ የተቀነሰ ክብደት ያን ጊዜም፣ ኩርባ ላይም ያግዛል።