አምባሰል የት ላይ ያርፋል?

ሐይቅ ከተማ፣ ከሁለት ወጣቶች ጋር ዓሣ ጥብስ ከበን ተቀምጠናል። አንደኛው ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ፣ "ጋሼ፣ እስኪ ይቺን ይዩልኝ" አለ። የውጭ አገር የሜታል ባንድ ነው፤ ቤዝ ተጫዋቹ ሦስት ጣቱን እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ያመላልሳል። የአክስቱ ልጅ ቀና ብሎም ሳያይ፣ "ጣት ብቻ! ለዛ የለውም" አለው። ባለስልኩ አልታገሠም፤ "ለዛ እኮ መጫወት ላቃተው ሰው የተገኘ መጽናኛ ነው" አለ። ዓሣው እስኪቀዘቅዝ ተከራከሩ።

እኔ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ ብቻ አይደለም። ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ ውስጥ ቤዙ አልነበረም። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር ሳይያዝ ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ የጣት ጥፍር የምታህል ነገር ናት፤ ያን ያህል የወረደ ድምፅ ለማውጣት አቅም የላትም። የሚሰማው የክሩ የላይኛው ንዝረትና የጣቱ ኳኳታ ነው። ስለዚህ ልጁ ስለ ቤዙ የሚፈርደው በዓይኑ ነበር፤ በዓይን ከተፈረደ ደግሞ ፈጣን ጣት ሁልጊዜ ያሸንፋል። የኛ አገር ጀማሪ ቤዝ ተጫዋቾች ወደ ላይኞቹ ክሮች እየወጡ ማንጣጣት የሚወዱበት አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል፤ መሰማት ይፈልጋሉ፣ በስልክና በትንሽ ቴፕ የሚሰማው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ክርክሩ ራሱ ግን የቆየ ነው፤ በሜታል ሰፈርም ሁለቱም ወገን የሚጠራቸው አለቆች አሉት። የለዛው ወገን ሌሚ ኪልሚስተርን ያነሣል። ሌሚ በ1971 እ.ኤ.አ. ሆክዊንድ የተባለውን ባንድ ሲቀላቀል ጊታር እንጂ ቤዝ የሚጫወት ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቤዙን እንደ ጊታር ያዘው፤ በመግረፊያ እየገረፈ፣ ሁለት ሦስት ክር አንድ ላይ እየመታ፣ ማጉያውን እስኪያጓራ ከፍቶ። በ1975 ሞተርሄድን ሲመሠርት ይኸው "ስሕተት" የባንዱ መታወቂያ ሆነ። የጣቱ ወገን ደግሞ የካኒባል ኮርፕሱን አሌክስ ዌብስተርን ይጠራል። ዌብስተር ሦስት ጣት ሲያፈራርቅ ምቶቹ እኩል ክብደት እንዲኖራቸው አድርጎ የገራ፣ ስለ አጨዋወቱም የመማሪያ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። የሜታሊካው ክሊፍ በርተን በየትኛው ወገን እንደሚመደብ ግን ሁለቱም አይስማሙም። በ1983 በወጣው የባንዱ የመጀመሪያ አልበም ላይ ቤዙን ብቻውን አስጩኾ አንድ ሙሉ ክፍል ተጫውቶበታል፤ በ1986 ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ ሲሞት 24 ዓመቱ ነበር። እሱን የተካው ጄሰን ኒውስቴድ ከባንዱ ጋር ቀርጾ በ1988 የወጣው አልበም ላይ ቤዙ ከመቀነሱ የተነሣ ይኑር አይኑር እስካሁን መከራከሪያ ነው። የኒውስቴድን ችሎታ የሚጠራጠር የለም። ችሎታው ኖሮ ድምፁ ከሌለ ምኑን እንመዝነዋለን?

ለክርክሩ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ግን እኛው ዘንድ አለ፤ ከተቀመጥንበት ብዙም ሳይርቅ። ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ሐይቅን አልፎ ሲኬድ አምባሰል ይመጣል፤ ዋና ከተማው ውጫሌ ነው። ተራራው፣ ወረዳውና ቅኝቱ አንድ ስም ይጋራሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ከምንላቸው አራት ዋና ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም መያዛቸው ያለ ነገር አይደለም። አምባሰልን ሲያነሡ ማሪቱ ለገሰን አለማንሣት ደግሞ አይቻልም፤ ለብዙ አድማጭ ቅኝቱና የእሷ ድምፅ አንድ ነው።

አሁን ቤዝ ጊታር ያለው ሰው ያንሣና አብረን እንየው። ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ። እነዚህ አምስት ድምፆች መነሻውም ማረፊያውም ኤ ሲሆን አምባሰል ናቸው። በወፍራሙ ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ ኤ፣ ስድስተኛው ላይ ቢ ፍላት፤ በሚቀጥለው ክር አምስተኛው ላይ ዲ፣ ሰባተኛው ላይ ኢ፣ ስምንተኛው ላይ ኤፍ። እጅ ሳይንቀሳቀስ አምስቱም ይገኛሉ፤ የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው። (ዘፋኝና ማሲንቆ እንዲህ በፍሬት የታሰረ ድምፅ አያወጡም፤ ክርክራችንን ለማየት ግን የፍሬቱ ይበቃናል።)

እነዚያኑ አምስት ድምፆች ሳትነኩ ማረፊያውን ብቻ ከኤ ወደ ዲ አዛውሩት። ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት። ይሄ አምባሰል አይደለም፤ ሙዚቀኞቹ ትዝታ ማይነር የሚሉት ነው። አንድም ድምፅ አልተጨመረም፣ አንድም አልተቀነሰም። የተቀየረው ቤቱ ነው። በባንድ ውስጥ ደግሞ ቤቱ የት እንደሆነ ለጆሮ የሚናገረው ከሁሉ በላይ የታችኛው ድምፅ ነው። ዘፋኟ ያንኑ ዜማ እያንጎራጎረች ቤዙ ከሥር ኤን ይዞ ከቆየ አምባሰል ትሰማላችሁ፤ ዲ ላይ ከተቀመጠ ጆሯችሁ ወደ ትዝታ ያዘነብላል። የሚያስቀው በቤዝ ጊታር ላይ ኤ እና ዲ ጎን ለጎን ያሉ፣ ጣት እንኳ የማይፈልጉ ባዶ ክሮች መሆናቸው ነው። በሁለት ቅኝት መካከል ያለው ርቀት የአንድ ክር ርቀት ነው።

ውጫሌ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል 17ኛ አንቀጽ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። አንድ ውል ነበር፤ አማርኛው "ቢፈልጉ ይችላሉ" ዓይነት፣ ጣሊያንኛው "ግዴታ አለባቸው" ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ነገሩ አድዋ ድረስ ሄዷል። የቤዝ ተጫዋች ጥፋት ያን ያህል አያደርስም እንጂ፣ አንድን ነገር ሁለት የማድረግ ጠባዩ ይመሳሰላል።

ታዲያ ቤዙ ለምን ዲ ላይ ይወድቃል? ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ተምሮ ነው። ኮርድ የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ሦስት ድምፅ ያለው ኮርድ ነው። በአምባሰሉ ማረፊያ በኤ ላይ እንዲህ ያለ ኮርድ ለመሥራት ሲ ወይም ሲ ሻርፕ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ የሉም። ዲ ማይነር ግን ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ ስለሆነ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል። ቢ ፍላት ሜጀርም እንዲሁ። እጁ የለመደውን ፍለጋ ወደ ዲ ማይነር ይሄዳል፣ ቤዙ ይከተለዋል፣ አምባሰሉም ሳይታወቅ ያልፋል። በየሠርጉ አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው ኪቦርድ ነገሩን አብሶታል። ግራ እጁ ዲ ማይነርን ሲጫን ማሽኑ ራሱ ዲን ቤዝ አድርጎ ይመታለታል፤ ምርጫው የተጫዋቹ መሆኑ ቀርቶ የፋብሪካው ሆነ ማለት ነው። የገዛ ዘመዶቼ ሠርግ ላይ አምባሰል ተብሎ ሲጀመር ትዝታ ሆኖ ሲያልቅ ሰምቻለሁ፤ እስክስታው አልቆመም፣ ማንንም ቅር አላለውም፣ እኔ ብቻ ጠላዬን ይዤ ተከዝኩ።

እዚህ ላይ ነው ባለስልኩ ልጅ ሳያውቀው ትክክል የሚሆነው። የሜታል ጊታር መሠረት ፓወር ኮርድ የሚባለው ነው፤ መነሻውና አምስተኛው ብቻ፣ መካከለኛው ድምፅ የሌለበት። ኤ እና ኢ። ሁለቱም አምባሰል ውስጥ አሉ! ኪቦርዱ ያጣውን ቤት ሜታሉ ሳይቸገር ይገባበታል። ደግሞም ከማረፊያው በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ያለችው ቢ ፍላት፣ የአምባሰል ኀዘን የምትቆረቁርባት ቦታ፣ የሜታል ተጫዋቾች ክብደትና ጨለማ ሲፈልጉ የሚሮጡባት ቦታ ናት። ከኤ ወደ ቢ ፍላት ወጥቶ መመለስ ለእነሱ የዕለት እንጀራ ነው። (አንቺሆዬ ደግሞ በማረፊያውና በአራተኛው ድምፁ መካከል አውሮፓውያን የዲያብሎስ ስም የሰጡትን ርቀት ይዟል፤ ብላክ ሳባት በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ መክፈቻ ላይ ያስፈራራበት ያው ርቀት ነው። እኛ ሙሽራ እንሸኝበታለን።)

በአገራችን በኤሌክትሪክ ቤዝ እነዚህን ጥያቄዎች በተግባር የመለሱ ሰዎች ሜታል አልተጫወቱም። ከአይቤክስ እስከ ሮሃ ባንድ ቤዙን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ አንዱ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. አይቤክስ ከማህሙድ አሕመድ ጋር የሠራውን "እሬ መላ መላ"ን በጥሩ ድምፅ ማጉያ መልሳችሁ ስሙት። ቤዙ አጭር ሐረግ ይዞ ይመላለሳል፤ የሚያጌጥበት ቦታ ጥቂት ነው፤ ዘፈኑን ግን ወለሉን ይዞ የሚያስኬደው እሱ ነው። የዋልያስ ባንዱ መላከ ገብሬም በ1977ቱ "ቼ በለው" አልበም ላይ እንዲሁ ነው። እነዚህን ሰዎች በጣት ፍጥነት ብንመዝናቸው ከዛሬው የስልክ ቪዲዮ ጀግና ያንሳሉ። ወደ ሮክ ይበልጥ የቀረበው ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣውን "ኤርታሌ" ፕሮዲዩስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። ከባድ ጊታርና የአገር ቅኝት በአንድ መድረክ መቆም እንደሚችሉ ባንዱ አሳይቷል።

"ለዛ መጽናኛ ነው" ላለው ልጅ ግን መልስ አለብኝ፤ እሱም ከክራር ይመጣል። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር በአንዴ ይመታል። ዜማው የሚወጣው ግራ እጅ የማይፈለጉትን ክሮች ስለሚያፍናቸው ነው። ጀማሪ የሚቸገረው መምታቱ ላይ አይደለም፤ ማፈኑ ላይ ነው። አንዷ ጣት ዘግይታ ከተነሣች ያልተጠራ ድምፅ ይገባል። የሜታል ቤዝም እንደዚሁ ነው፤ ማጉያው ተከፍቶ በሚያጓራበት ሰዓት ያልተመታ ክር እንኳ በራሱ ይነዝራል፤ ጥሩ ተጫዋች ከጉልበቱ ግማሹን የሚያጠፋው ዝም በማሰኘት ነው። ይሄ ንጹሕ የእጅ ሥራ ነው። ለዓመታት ካልተለማመዱት አይመጣም። ነገር ግን በቪዲዮ አይታይም፤ ስለማይታይ ባለስልኩ ከችሎታ አይቆጥረውም፣ የአክስቱ ልጅ ደግሞ ለዛ ብሎ ይጠራዋል።

ስለዚህ ሁለቱም የተጣሉት በአንድ ነገር ስም ይመስለኛል፤ እኩል ግን አልተሳሳቱም። ለዛ ያለ እጅ እንደማይገኝ ባለስልኩ ልክ ነው። ሌሚ እንኳ ምቱ አይዋዥቅም ነበር። ከዚህ ካለፈ ግን ከአክስቱ ልጅ ጋር ነኝ። በሴኮንድ አሥር ድምፅ የሚመታ ጣት አሥሩም ዲን ቤት አድርገው ከሄዱ የአምባሰልን ፈተና ወድቋል፤ አንዲት ኤን አራት ምት ሙሉ ይዞ፣ ዘፋኟ ቢ ፍላት ላይ ስትንጠለጠል ሳይደናገጥ፣ ሳይከተላት የጠበቀ ሰው አልፏል። አለመከተል ቀላል አይደለም። ጆሮ ሁሉ ወደ እሷ ሲጎትት ቤት የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ጣቱን የሚያቆምበትን የሚያውቅ።

ያን ቀን ይሄን ሁሉ አላልኳቸውም። ልጁ ራሱ ቤዝ እንደሚለማመድ ሲነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ ወደ ቤት ሲሄድ አጎቱ በክራር የሚጫወተውን አምባሰል በስልኩ ቀርጾ፣ ከሥሩ መጀመሪያ ባዶውን ኤ፣ ቀጥሎ ባዶውን ዲ እየመታ እንዲያዳምጠው። "በጆሮ ማዳመጫ ነው ታዲያ፣ በስልኩ ማጉያ አይደለም" አልኩት። እናንተም በሠርግም በመድረክም አምባሰል ሲጀመር ጊታሪስቱን ትታችሁ ቤዙን አዳምጡ፤ ዲ ላይ ተቀምጦ ከቀረ የምትሰሙት ትዝታ ነው።