የመርፌ ልውውጥ አገልግሎት እንዴት ይሰጣል?

ከአንድ ሲሪንጅ መድኃኒቱ ተገፍቶ ቢያልቅም፣ መርፌው ከሲሪንጁ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ጥቂት ደም ይቀራል። እንደ ሙቀቱና እንደ ሲሪንጁ ዓይነት፣ በዚህ የደም ቅሪት ውስጥ ኤች አይ ቪ እስከ 42 ቀናት፣ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ደግሞ እስከ 63 ቀናት በሕይወት ሊቆይ እንደሚችል በቤተ ሙከራ ታይቷል። አደንዛዥ ዕፅ በደም ሥራቸው የሚወስዱ ሰዎች መርፌ ሲጋሩ ቫይረሱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የመተላለፊያ መንገድ ለመዝጋት የመጀመሪያው የመርፌ ልውውጥ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1984 በአምስተርዳም ተጀመረ። የጀመሩትም ዕፅ ተጠቃሚዎቹ ያቋቋሙት ማኅበርና የከተማይቱ የጤና አገልግሎት በመተባበር ነው። በወቅቱ በዋናነት ያሳሰባቸው ሄፓታይተስ ቢ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተገልጋዩ ያገለገለውን መርፌ በማይበሳ ሳጥን ውስጥ ይጥልና ንጹሕ መርፌ፣ ሲሪንጅና የአልኮል ጥጥ ይቀበላል። ብዙውን ጊዜ ስሙን እንዲናገር አይገደድም። የደም ምርመራና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሊያገኝ፣ ከሱስ ለመላቀቅ ሲፈልግም ወደ ሕክምና ሊላክ ይችላል። የተሰበሰበው መርፌ ይቃጠላል። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለአንድ ሰው በዓመት 300 መርፌና ሲሪንጅ እንዲደርስ ግብ አስቀምጧል፤ ስለዚህ «አንድ ካልመለስክ አንድ አይሰጥህም» የሚለው ጥብቅ ደንብ አይመከርም።

መርፌ ማደል ዕፅ መጠቀምን አያበረታታም ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው የጥናቶች ግምገማ ይህን የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም።

እንዲህ ያለ አገልግሎት ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ቢታሰብ ቅድሚያ የሚሰጠው ጥያቄ ርቀት ነው። መርፌው በቀን ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ሰው ለእያንዳንዱ የታክሲ ሒሳብ ከፍሎ አዲስ አበባ ድረስ አይሄድም። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ተሽከርካሪ፣ መድኃኒት ቤቶችና በጎረቤት አገር በኬንያ እንደሚሠራበት የሠለጠኑ የቀድሞ ተጠቃሚዎች ያስፈልጋሉ። ሦስቱ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ስለሚገኙ፣ ነዋሪዎቻቸው ግን በየዕለቱ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመላለሱ፣ የሁለቱ አስተዳደሮች የጤና ተቋማት አሠራራቸውን ማቀናጀት ይኖርባቸዋል። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 መሠረት አደንዛዥ ዕፅ መጠቀም የሚያስቀጣ በመሆኑ፣ ከፖሊስ ጋር አስቀድሞ ስምምነት ካልተደረሰ ተገልጋዩ በፍርሃት ይርቃል፤ ያገለገለው መርፌም ወደ ሳጥኑ በመግባት ፈንታ መንገድ ላይ ይቀራል።